«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»፦ የዶክተር ከለን ደብዳቤዎችና የእኛ «ደህና ነኝ»

መነሻ

ውድ አንባቢ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህ ጸሐፊ ሐኪም አይደለም፤ የሕክምና ታሪክንም በወጉ አልተማረም። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኖረ አንድ የስኮትላንድ ሐኪም ደብዳቤዎች ልጽፍ የተነሣሁት ቀብሩ ላይ ሳልደርስ የቀረሁበት አባቴ ከሐሳቤ ስላልወጣ ነው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ደብዳቤዎቹን በራሳቸው ሚዛን ልመዝናቸው እፈልጋለሁ። አለዚያ ትችት መሆኑ ቀርቶ እንጉርጉሮ ይሆንብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በብሪታንያም ሆነ በተቀረው ምዕራብ አውሮፓ ስሙ በገነነ ሐኪም ለመታከም የግድ በሩን ማንኳኳት አያስፈልግም ነበር። ሕመምተኛው፣ ወይም ስለ ሕመምተኛው የሚገደው ሰው፣ ብዕሩን አንሥቶ የሚሰማውን ሁሉ ይጽፋል፤ ክፍያውንም ይልካል። ሐኪሙ በበኩሉ በሽተኛውን በዓይኑ ሳያይ፣ የእጁን ትርታ ሳይዳስስ፣ ምክሩንና የመድኃኒቱን ማዘዣ በፖስታ ይመልሳል። የዚህ ዓይነቱን ልውውጥ በብዛት ትተውልን ካለፉት ሐኪሞች አንዱ የኤዲንብራው ዶክተር ዊሊያም ከለን ነው። ለመሆኑ ያልታየ በሽተኛ እንዴት ይታከማል? ከዚያስ ልምድ ዛሬ በስደት የምንኖር ሰዎች የምንማረው ነገር አለ ወይ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ሐኪሙና መዝገቡ

ከለን እ.ኤ.አ. በ1710 ሃሚልተን በምትባል የስኮትላንድ ከተማ ተወልዶ በ1790 አረፈ። መጀመሪያ በግላስጎ፣ ከ1750ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪና ሕክምና አስተምሯል። ዕፅዋት በወገን በወገን እንደሚመደቡ ሁሉ በሽታዎችን የመደበበት መጽሐፉ በ1769 ወጣ፤ «ኒውሮሲስ» የሚለውን ቃል የፈጠረውም እሱ ነው። የፈላስፋው የዴቪድ ሂውም ወዳጅና ሐኪም፣ የአዳም ስሚዝም ወዳጅ ነበር። የሕክምና ትምህርት በላቲን መስጠት ደንብ በነበረበት ጊዜ በሕዝቡ ቋንቋ በእንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመሩት ቀደምት መምህራን መካከል ይቆጠራል። ግእዝ የቤተ ክህነቱ፣ አማርኛ የቤቱና የገበያው ሆኖ ባደግንበት አገር ልጆች ዘንድ የዚህ ትርጉም አይጠፋም።

በኤዲንብራ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የሚገኘው የከለን የምክክር ደብዳቤ ክምችት ከ5 ሺህ በላይ ሰነዶች አሉት፤ የሚሸፍነውም ከ1755 አካባቢ እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ያለውን ጊዜ ነው። ከለን ከሰዎች የሚደርሰውን ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን እሱ የመለሰውንም ቅጂ ያስቀምጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጸሐፊ ቀጥሮ በእጅ ያስገለብጥ ነበር። ከ1781 ጀምሮ ግን የእንፋሎት ሞተሩ ጄምስ ዋት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የፈጠራ መብት ባወጣበት የደብዳቤ መገልበጫ መሣሪያ ይጠቀም ጀመር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ለዚሁ በተዘጋጀ ቀለም የተጻፈው ደብዳቤ ላይ ስስ እርጥብ ወረቀት ይደረብና ይጫናል፤ ቀለሙ ወደ ስሱ ወረቀት ያልፋል፤ የተገላቢጦሽ የወጣው ጽሑፍም ከወረቀቱ ጀርባ በኩል ቀና ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ላለው ጥንቃቄ ምስጋና ይግባውና ጥያቄና መልሱን ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራ ሥራ ስብስቡ ለማንም አንባቢ ክፍት ሆኗል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስታውስ። ከለን ኤዲንብራ ተቀምጦ ያላያቸውን ሰዎች ሲያክም ሌላው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገብቶ ነበር። ብሩስ የሕክምና ዲግሪ አልነበረውም፤ ያለችው እውቀት በአሌፖ ከዶክተር ፓትሪክ ራስል የቀሰማት ነበረች። ሆኖም በ1770 በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ አስታመመ። አንደኛው ሊቅ ሆኖ በሽተኛውን አያይም፤ ሌላው በሽተኛውን እያየ ሊቅ አይደለም። ከሁለቱ የትኛው ይሻል ነበር ብሎ መጠየቅ የዋህነት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ልዩነቱ እንደምናስበው የሰፋ አልነበረም። ምክንያቱን ቀጥሎ እንመልከት።

ደብዳቤዎቹ ምን ይላሉ?

የሕመምተኞቹን ጽሑፎች ሳነብ መጀመሪያ የገረመኝ ሐፍረት ማጣታቸው ነው። በአደባባይ አፋቸውን ጠብቀው የሚናገሩ የተከበሩ ሰዎች ለሐኪሙ ሲጽፉ ግን ስለ ሰገራቸው መጠንና ቀለም፣ ስለ ሽንታቸው፣ ስለ ሆዳቸው ንፋስ፣ እንቅልፍ ስለ ነሣቸው ሐሳብ ሳይሸሽጉ ይዘረዝራሉ። ምን በልተው ምን እንደተሰማቸው፣ አባታቸው ሪህ ይዞት እንደነበር፣ በልጅነታቸው ምን እንዳመማቸው ሁሉ ይተርካሉ። አንዳንዱ ደብዳቤ የሕመም ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይሆናል።

ይህ ግልጽነት ከየት መጣ? ሐኪሙ ሌላ ምንም መረጃ ስለሌለው ነው። ልብና ሳንባ የሚደመጥበት ስቴቶስኮፕ በፈረንሳዊው ላኤኔክ የተፈለሰፈው በ1816 ነው። ደረትን በጣት እየመቱ ድምፁን የመለየትን ዘዴ አወንብሩገር በቪየና በ1761 ቢያሳትመውም ኮርቪዛር በ1808 ወደ ፈረንሳይኛ እስኪመልሰው ድረስ እምብዛም ሰሚ አላገኘም። ራጅ የለ፣ የደም ምርመራ የለ። ስለዚህ አልጋው አጠገብ የቆመው ሐኪም ምላስ ከማየት፣ ትርታ ከመቁጠርና ሽንት ከመመልከት ብዙም አይዘልም። ዋናው ምርመራ የበሽተኛው ንግግር ነበር፤ ንግግርን ደግሞ ወረቀት ይሸከመዋል።

የከለን መልስ ደርዝ አለው። መጀመሪያ ሕመሙ ምን ሊሆን እንደሚችል በጥንቃቄ ይናገራል። ቀጥሎ ስለ አኗኗር ያትታል፦ ምን ይበላ፣ ምን ይጠጣ፣ በፈረስ መጋለብ እንዴት እንደሚጠቅም፣ እግር ከእርጥበት እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ምን ዓይነት የሱፍ ልብስ ከሥር እንደሚለበስ፣ መቼ እንደሚተኛ። መድኃኒቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለቀማሚው የሚሄደው ማዘዣ በአጫጭር ላቲን ይጻፋል። ባነበብኳቸው መልሶች ውስጥ ከለን ተስፋ ሲሰጥ ቆጥቦ ነው፤ አያስፈራራም፤ አይመጻደቅም። እንደ ጽሑፍ ብቻ ከተመዘኑ እነዚህ መልሶች የተከበረ ሽማግሌ ምክር ጣዕም አላቸው።

እንደ ሕክምና ከተመዘኑስ? እዚህ ላይ ማድነቃችንን ገታ ማድረግ አለብን። ከለን የሚያዘው የዘመኑን መድኃኒት ነው፦ ደም ማውጣት፣ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ አንቲሞኒና ሜርኩሪ፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ውሃ የሚያስቋጥር የሚያቃጥል ነገር። ኦፒየም ሕመም ያስታግሳል፤ ኪኒን የሚገኝበት የፔሩ ዛፍ ቅርፊት ለወባ ይሠራል። ከቀረው ውስጥ አብዛኛው ጥቅም የሌለው ነበር፤ አንዳንዱም ጉዳት አድርሷል። በአጭሩ የከለን ምክር የሚያምረው ከመድኃኒቱ በራቀ ቁጥር ነው።

ከዚህ የከፋ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣ ሌላ ጉድለት አለ። አንድ ሕመምተኛ መጻፉን ሲያቆም ምን ሆኗል ማለት ነው? ዳነ? ሞተ? ሐኪም ለወጠ? ወይስ ገንዘብ አለቀበት? ዝምታ ሁሉንም ሊሆን ይችላል። የደብዳቤ ሐኪም እውቀቱን የሚገነባው መልሰው በጻፉለት ሰዎች ላይ ነው፤ ለመጻፍ ያልበቁት በስሌቱ ውስጥ አይገቡም። ሐኪሙ ስህተቱን እንዳያይ ራሱ አሠራሩ ይጋርደዋል ማለት ነው። ይህን የምለው ከለንን ለመክሰስ አይደለም፤ በሩቅ ሆኖ የሚመክር ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ ነው።

«የበሽተኛው መጥፋት»

እ.ኤ.አ. በ1976 ጁሰን የተባለ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ከ1770 እስከ 1870 ባለው ጊዜ «በሽተኛው ሰው» ከሕክምናው አስተሳሰብ እንዴት እንደጠፋ የሚያትት ጥናት አሳተመ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ በደብዳቤው ዘመን ሐኪሙ በባለጸጋ ደንበኛው መልካም ፈቃድ የሚኖር ስለነበር የደንበኛውን ታሪክ ሙሉ በሙሉ ማድመጥ ነበረበት። በኋላ ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ቀጥሎም ላቦራቶሪዎች ሲመጡ ሥልጣኑ ወደ ሐኪሙና ወደ ተመራማሪው አለፈ፤ ሰውየው ቀርቶ በሽታው ብቻ መታየት ጀመረ። በ1985 ደግሞ የታሪክ ሊቁ ሮይ ፖርተር የሕክምና ታሪክ ከሐኪሞች ብቻ ሳይሆን ከሕመምተኞች ወገንም እንዲጻፍ ጥሪ አቀረበ። ሁለቱም ጥናቶች ትልቅ ውለታ ውለዋል።

ችግሩ ያለው ከእነሱ በኋላ በመጣው ስሜት ላይ ነው። ዛሬ በሰፊው የሚሰማው ትረካ «ድሮ ሐኪም ያዳምጥ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒውተሩን እያየ ያናግረናል» የሚል ነው። በምኖርበት አገር ክሊኒክ ገብቼ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስወጣ እኔም ይኸው ስሜት ይነካኛል። ነገር ግን ጥያቄ አለኝ። ያ ሐኪም ያዳምጥ የነበረው ማንን ነው?

የከለን ክፍያ በጊኒ የሚቆጠር ነበር። አንድ ጊኒ ሃያ አንድ ሺሊንግ ነው፤ ለቀን ሠራተኛ የሳምንታት ደመወዝ ማለት ነው። ወጪው በዚህ አያበቃም፤ በዚያ ዘመን የደብዳቤውን መላኪያ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ይኸው ከለን ደግሞ በኤዲንብራ ሮያል ኢንፈርመሪ፣ ማለትም በድሆች ሆስፒታል፣ ለተማሪዎቹ አልጋ ለአልጋ ትምህርት ይሰጥ ነበር። እዚያ የተኙት ሰዎች ደብዳቤ አይጽፉም፤ ስለ እነሱ የሚጽፈው ተማሪው ነው። ለማስተማሪያ የተመረጠው ሰው የሚናገረው በሌላ ሰው ብዕር፣ በሌላ ሰው ቃል ተጠርቦ መዝገብ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ የበሽተኛው ድምፅ በ1770ና በ1870 መካከል ጠፋ ሲባል ስሰማ አንገቴን ሙሉ በሙሉ አልነቀንቅም። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሐኪም እጅ፣ ምናልባትም በአንድ ቀን፣ ድምፅ ያለውና ድምፅ የሌለው በሽተኛ አብረው ነበሩ። ለጁሰን ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ የሚናገረው ስለ ባለጸጋው ደንበኛ መሆኑን እሱ አልሸሸገም፤ የረሱት ጠቃሾቹ ናቸው። ድሀው በሽተኛ እንዳይጠፋ መጀመሪያ መገኘት ነበረበት።

ብዕሩን የያዘው ማን ነው?

ባለጸጋውም ቢሆን ሁልጊዜ ለራሱ አይጽፍም ነበር። ባል ስለ ሚስቱ፣ እናት ስለ ልጇ፣ የመንደሩ ቀዶ ሐኪም ስለ ደንበኛው ይጽፋሉ። በሽተኛው ባልና ሐኪም የሚነጋገሩበት ሦስተኛ ሰው ይሆናል። ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ የዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ነው።

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ጆንሰን በ1784 ለንደን ውስጥ በአስምና ሰውነትን ውሃ በሚያስቋጥር እብጠት ይሠቃይ ነበር። በመጋቢት ወር ስኮትላንድ ለነበረው ወዳጁ ለጄምስ ቦዝዌል በጻፈው ደብዳቤ የአገሩን ሐኪሞች እንዲያማክርለት ጠየቀው። ቦዝዌልም ለሦስት የኤዲንብራ ፕሮፌሰሮች፣ ለከለን፣ ለሆፕና ለሞንሮ፣ ስለ ጆንሰን ሕመም ጻፈ። ሦስቱም በአክብሮት መለሱ። ከለንና ጆንሰን በነሐሴ 1773 ቦዝዌል ቤት እራት ላይ ተገናኝተዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን አሥር ዓመት አልፏል። ልብ ይበሉ፦ የሚታመመው ለንደን ነው፤ የሚጽፈው ወዳጁ ነው፤ የሚመልሰው ኤዲንብራ ነው፤ መልሱም ተመልሶ በወዳጁ በኩል ያልፋል። ያ ሁሉ ሲሆን ቁርጭምጭሚቱ ማበጡን አላቆመም።

ጆንሰን ግን ብዕሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ከሐምሌ 1784 ጀምሮ የሕመሙን ማስታወሻ ቀን በቀን በላቲን መዘገበ። በሞተበት ዕለት በታኅሣሥ 13 ውሃው እንዲወጣለት ብሎ እግሩን በራሱ እጅ ወጋ። ለእንዲህ ዓይነቱ እብጠት ጥቅም ያለውን ዲጂታሊስ የተባለ ዕፅ በስፋት ያስተዋወቀው የዊልያም ዊዘሪንግ መጽሐፍ የታተመው በ1785፣ ጆንሰን በሞተ በዓመቱ ነው። የሚያውቁ ሐኪሞች ከበውታል፤ መልካም ደብዳቤ ደርሶታል፤ የሚበጀው እውቀት ግን ገና በመንገድ ላይ ነበር።

ራስላስና የጸሐፊው እናት

ጆንሰንን ያነሣሁት በሌላም ምክንያት ነው። ይህ ሰው አገራችንን ሳያይ ስለ አገራችን የጻፈ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1735 ከፈረንሳይኛ የመለሰው የአባ ሎቦ የኢትዮጵያ ጉዞ ነበር። በ1759 ደግሞ የኢትዮጵያውን ልዑል የራስላስን ታሪክ ጻፈ፤ መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶልናል። ራስላስ በፈላስፎቹ ጭውውት ሲጠቀስ ብዙዎቻችን ሰምተናል። የተጻፈበትን ምክንያት ግን ስንቶቻችን አስተውለናል?

የጆንሰን እናት ሊችፊልድ በሚባለው የትውልድ ከተማው ትኖር ነበር። ልጇ ለንደን ከገባ በኋላ በ1740 አካባቢ ጠይቋት ተመልሷል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አላያትም። በመካከላቸው ያለው መንገድ 120 ማይል ያህል ነበር። በጥር 1759 እናቲቱ በጠና መታመሟን አብራት የምትኖረው የእንጀራ ልጁ ሉሲ ፖርተር ጻፈችለት። ጆንሰን መለሰ፤ ገንዘብ ላከ፤ እንደገና ጻፈ። እሱ ሳይደርስ እናቱ ሞተች። ቦዝዌል እንደመዘገበው ራስላስን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ የጻፈው ለቀብሯ ወጪና ለጥቂት ዕዳዋ መክፈያ ነው። አሳታሚዎቹ 100 ፓውንድ፣ ለሁለተኛው ዕትም ደግሞ 25 ፓውንድ ከፈሉት።

በአንድ ከተማ ሆኖ ገንዘብና ደብዳቤ የሚልክ ልጅ፤ ቤት የቀረችና ስለ እናት ጤና የምትጽፍ ሴት፤ ሳይገናኙ የሚመጣ ሞት። ውድ አንባቢ፣ ይህን ታሪክ ከእኛ በተሻለ የሚረዳ ማን አለ? ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ይህን ዝነኛ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያስጻፈው የእኛው ዓይነት ሐዘን ነው።

«ከናፍቆትህ በቀር»

አሁን ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ። አባቴ በወሎ ትንሽ ከተማ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር። እዚህ አሜሪካ በቆየሁባቸው ዓመታት የጻፈልኝን ደብዳቤዎች በካርቶን አስቀምጫቸዋለሁ። ሁሉም አንድ አከፋፈት አላቸው፤ የማታውቁት አይደለም፦ ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያን ያህል ዓመት ሲጽፍ አንድ ቀን እንኳ አልታመመም! የከለን በሽተኞች ያመማቸውን ለመናገር ወረቀት ያንሳቸዋል፤ እኛ ደግሞ ያላመመን ለማስመሰል እንጽፋለን። የኛ የደብዳቤ ባህል ለፍቅርና ለአክብሮት የተሠራ ነው፤ ለሕመም ቦታ የለውም።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እህቴ በስልክ «አባዬ ትንሽ ወገቡን ያመዋል» አለችኝ። ሐኪም ለሆነው የአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። እሱም እዚሁ አሜሪካ በሌላ ግዛት ይሠራል። በትሕትና አዳመጠኝና ጠየቀኝ፦

«ሽንቱስ ጋሼ? ደም አለው? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣል?»

«የለም የለም፣ ደህና ነው» አልኩት።

አልጠየቅኋትም ነበር። ስለ አባታችን ሽንት እህቴን እንዴት አድርጌ ልጠይቃት? የለመድነው ነገር አልነበረም። እሷም አንሶላውን የምታጥበው፣ የምታየውን የምታየው፣ ለታላቅ ወንድሟ እንዴት አድርጋ ትናገር? ሐኪሙ በነገርኩት ላይ ተመሥርቶ የወገብ ሕመም ማስታገሻና ዕረፍት መከረ። በነገርኩት ልክ ትክክል ነበር። እኔም መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ልኬ የልጅነቴን ግዴታ እንደተወጣ ሰው ተኛሁ።

ከስምንት ወር በኋላ አዲስ አበባ ሲመረመር ካንሰሩ ከፊኛው አልፎ ነበር። ይህንንም አልነገሩኝም። አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ የቤቴ በር ሲንኳኳና ከደጅ የቆሙትን ሽማግሌዎች ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በኋላ እህቴ እያለቀሰች አስረዳችኝ። ሽንቱ ደም ከያዘ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። «ልጁ በሰው አገር ይደክማል፤ ከዚያ ሆኖ ምን ያደርግልኛል ብላችሁ ታስጨንቁታላችሁ?» ብሎ አስምሏታል።

የመጨረሻ ደብዳቤውን ከካርቶኑ አውጥቼ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉ እንደ ወትሮው «ደህና ነኝ» ይላል። እጅ ጽሑፉ ግን አርባ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር የጻፈ ሰው አልነበረም፤ መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ፊደሎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ደብዳቤው ሲደርሰኝ አንብቤው ነበር፤ ግን ያነበብኩት ቃሉን ብቻ ነው።

ቀድሞ ቢታወቅ ይድን ነበር ወይ? የአጎቴን ልጅ ጠይቄው «ጋሼ፣ ዕድሜ ሊጨመርለት ይችል ነበር፤ ይድን ነበር ልልህ ግን አልችልም» ብሎኛል። ከለን በሽተኛው ሁሉን ነግሮት ማዳን አልቻለም፤ መድኃኒቱ አልነበረውምና። እኛ ደግሞ መድኃኒት ባለበት ዘመን የሚነገረውን ደበቅን። የነሱ ጉድለት የዘመናቸው ነው። የእኛ ግን የእኛው ነው።

ማሳረጊያ

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሐሳብ ሳነሣ «ሕመምን መሸሸግ ጨዋነታችን ነው፤ መርዶን በሽማግሌ ማርዳት ርኅራኄያችን ነው» ይሉኛል። አልቃወምም። አባቴ የሸሸገኝ ስለሚወደኝ ነው። መርዶውን ያረዱኝ ሽማግሌዎችም እስከ ሠልስቱ አልተለዩኝም፤ በባዕድ አገር ብቻዬን ቴሌፎን ይዤ አልቀረሁም። የምቃወመው ለሐዘንተኛ የተሠራውን መሸሸጊያ ለሕመምተኛ ማዋልን ነው። ለሞተ ሰው ጥቂት ቀን ብንዘገይ የሚጎዳው የለም፤ ለታመመ ሰው ግን አንድ ወር ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሐኪም ይረዳኛል። ከለን በነበረበት ዘመን በስዊስዋ ሎዛን ከተማ ሳሙኤል ኦጉስት ቲሶ የሚባል ሐኪም ነበር። እሱም በደብዳቤ ያክም ነበር። በ1761 ለገጠር ሰዎች ጤና ምክር የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉ ወደ ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተረጎመ። ቲሶ ገበሬው ራሱ እንደማያነበው ያውቃል። ስለዚህ የጻፈው ለገበሬው ቅርብ ለሆኑት፣ ለቄሱ፣ ለባለ ርስቱ፣ ለትምህርት ቤት መምህሩ ነው። በመጽሐፉም ለሐኪም የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን ደረደረ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ቀድሞ ጤናው እንዴት ነበር? ከታመመ ስንት ቀኑ ነው? ትርታው፣ እንቅልፉ፣ ሰገራው፣ ሽንቱ እንዴት ነው?

ይህ ዝርዝር ተራ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ከከለን ጥበብ የተሞሉ መልሶች ሁሉ ይልቅብኛል። ቲሶ የተረዳው ነገር ብዕሩን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በሽተኛው ሳይሆን ሌላ ሰው መሆኑን ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ያፍራል፣ ይረሳል፣ ይሳሳል። ጥያቄው በወረቀት ላይ ታትሞ ሲመጣ ሐፍረቱ የጠያቂው መሆኑ ይቀራል። «እኔ አይደለሁም፤ ወረቀቱ ነው የሚለው» ማለት ይቻላል።

እኔ ከአባቴ ሞት በኋላ እንዲህ ያለ ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ። የአጎቴ ልጅ ጥያቄዎቹን ነገረኝ፤ እኔ በቤት ቋንቋ ጻፍኳቸው። ወገብ ብሎ ለሚጀምር ሰው ሽንት የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ሳል ላለው ደም ቀላቅሎ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ለሴቶችም በአፋችን ስማቸውን የማንጠራቸው ነገሮች በስማቸው ተጽፈዋል። አንዱን ቅጂ ለእህቴ ላክሁላት፤ አንዱ እዚህ ከስልኬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ባለፈው ዓመት እናታችን ስትታመም እህቴ ደወለችና ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ወንድምዬ፣ ወረቀቱን አምጣ» አለችኝ። ከላይ ጀምሬ አነበብኩላት። ሽንት የሚለው ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ጥቂት ዝም አልን። ከዚያ ነገረችኝ።

ቸር ያሰማን።